ለሐኪም ሽማግሌ የላክን ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ጥግ ቲማቲም ስመርጥ፣ ከደሴ ከመጣ ሚኒባስ አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ወርዶ ዙሪያውን ሲቃኝ ቆየና ወደ እኔ ጠጋ አለ። «እማማ፣ የዶክተር ራሕመት ክሊኒክ በየት በኩል ነው?» አለኝ። ባጃጅ ልጠራለት እችል ነበር፤ ግን ወደዚያ ክሊኒክ ሰው መምራት ስለምወድ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ አብሬው ሄድኩ። መንገድ ላይ አውጣጣሁት። ሐኪም ነው፤ የአእምሮ ሕክምና ተምሮ ጨርሷል፤ አሁን ደግሞ በዚያ ላይ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ለማከም ልዩ ሥልጠና ጀምሯል፤ ልምምዱን እኛ ዘንድ ከዶክተር ራሕመት ሥር ሆኖ ያደርጋል። «ማን አስገድዶህ ነው ልጄ?» አልኩት ለጨዋታ። «ኧረ ማንም! ተወዳድሬ ነው የገባሁት። ለሁለት ቦታ ስድስት ሆነን ነው የተፈተንነው» አለኝ ኮራ ብሎ። መሐል መንገድ ላይ ቆምኩ። ከኋላችን የነበረው ባጃጅ ጡሩምባውን አስጮኸብኝ፤ ልጁም ያመመኝ መስሎት ክንዴን ያዘኝ። እኔ ግን አላመመኝም፤ ተወዳድሬ የምትለዋን ቃል እያጣጣምኩ ነበር።

ይህ ልጅ ምን ያውቃል! ለዚህች ሥልጠና አንድ ሰው ጠፍቶ፣ እኛ እኮ ሙሽራ እንደሚጠይቅ ሰው በር ቆመን፣ ሽማግሌ ልከን፣ ለምነን ነው ሐኪም ያመጣነው። ዛሬ ስድስት ሰው ይሻማባታል! ኩራት ኃጢአት ነው ይላሉ ትልልቆቹ፤ እኔ ግን በዚህ ነገር ስኮራ አላህም የሚቆጣኝ አይመስለኝም። ልጁን ክሊኒኩ በር ላይ አድርሼ ስመለስ እግሬ ወደ ቤት ይሂድ እንጂ ልቤ ወደ ኋላ፣ ወደ ሩቁ ዘመን ነጎደ።

ስሜ ፋጡማ ነው፤ የሐይቅና የአምባሰል ሰው ሲስተር ፋጤ ይለኛል። ነርስ ሆኜ የተመረቅኩ ጊዜ አንድ ብርጭቆ ሻሂ ከነስኳሩ በአሥር ሳንቲም ነበር። ከደሴ ሐይቅ በአውቶቡስ ለመሄድ አንድ ብር የሰጠ ሰው መልስ ይቀበላል። የደንብ ልብሴን ነጭ ቴትሮን ገዝቼ ደሴ ፒያሳ አሰፋሁት፤ ወገቡ ጠበብ፣ ጉልበት ላይ ቆረጥ ያለ፣ የዘመኑ ፋሽን። እናቴ አይታ «ምነው፣ ጨርቁ አልበቃሽም?» አለችና ከሥሩ ሱሪ አስለበሰችኝ። ሸራ ጫማዬን በጠመኔ እያነጣሁ፣ ከአሰብ በኩል የመጣ ሽፎን ሻሽ አስሬ፣ ከአስፋልቱ ዳር ካለችው ሻሂ ቤት ፊት ሳልፍ ወንዶቹ ቴፑን ከፍ ያደርጉታል። አምባሰል ቅኝት ነው የሚጫወተው። በየትም አገር አምባሰልን መስማት ይቻላል፤ አምባሰልን ፊት ለፊት እያዩ መስማት ግን የእኛ ብቻ ነው። ቆሮሶ ዓሣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር፤ ጋዜጣው ላይ ያለውን የያኔውን መንግሥት ንግግር ዘይቱ አጥፍቶት እናገኘዋለን። ዛሬ ዓሣው በፌስታል ነው፤ ዋጋውንስ ባልናገር ይሻላል።

የመጀመሪያ ምድቤ ከውጫሌ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበር። ሁለት ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛን። የታካሚ መዝገባችን ለወባ ዓምድ አለው፣ ለተቅማጥ ዓምድ አለው፣ ለሳል ዓምድ አለው። አእምሮው እንደ እኩዮቹ ላላደገ ሰው ግን ዓምድ የለውም። ያ ሰው በመዝገብ ስለሌለ በአገር የሌለ ይመስል ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ለአጭር ጊዜ የአእምሮ ሕመም ሥልጠና ሰጡኝና ማኅተም ያለበት ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኛል! የአእምሮ ነገር የተባለ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

በዚያ ትዕቢቴ ላይ መሪማ መጣች። መሪማ የአምባሰል ገበሬ ሚስት ናት፤ ልጇ እንድሪስ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። እንድሪስ አይናገርም፤ ሲፈልግ እጅ ይዞ ይጎትታል፣ ሲደሰት ይሽከረከራል፣ በቃ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይጮኻል፣ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። እኔም ጊዜ አልፈጀሁም፤ አብዷል ብዬ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ክኒን ሰጠሁት። ጸጥ አለ። መሪማ ከሳምንት በኋላ ይዛው ስትመለስ አንገቱ ግትር፣ ለሃጩ ዝርክርክ፣ ዓይኑ የትም የማያይ ሆኖ ነበር። «ሲስተርዬ፣ ዝምስ አለልኝ፤ ግን ልጄ የለም፤ ልጄን መልሽልኝ» አለችኝ። ክኒኑን አቆምኩ፤ ጩኸቱ ተመለሰ። ወር ካለፈ በኋላ ለክትባት ዘመቻ የመጣ አንድ ሐኪም እግረ መንገዱን ጆሮውን አየለት። መግል ሞልቶት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ልጁ የሚጮኸው ጆሮውን አሞት ነው! መናገር የማይችል ሰው ሲያመው ምን ያድርግ? ይጮኻል እንጂ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይሞቃል። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም።

ከዚያ ወዲህ ጥቁር ልባስ ያለው መዝገብ ገዛሁና እንደ እንድሪስ ያሉትን ሰዎች ስም በራሴ እጅ መጻፍ ጀመርኩ። ወደ ሐይቅ ክሊኒክ ስዛወርም ይዤው መጣሁ። ከገበያ ቀን በስተቀር ያልዞርኩበት ቀን የለም ማለት ይቻላል፤ ወደ ግሸን የሚወጡ ምዕመናንን ያሳፈረ አውቶቡስ ስለምን፣ በጭነት መኪና ጋቢና ስለምን፣ ቀሪውን በእግሬ ስኳትን። በየበሩ «እንዲህ ያለ ሰው እኛ ቤት የለም» ይሉኛል፤ ከጓዳ ደግሞ ድምፅ ይሰማኛል። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ዘር ሲቆጠር ለእህቶቿ ባል ይጠፋል፣ ለወንድሞቹ ሚስት ይታጣል ብሎ ይፈራል። እኔም አልጣደፍም፤ ዛሬ ሻሂ ጠጥቼ እሄዳለሁ፣ በሌላ ጊዜ ተመልሼ እጠይቃለሁ። እንዲህ እያልኩ መዝገቤ ሠላሳ አራት ደረሰ። በሐይቅና በአምባሰል እኔ የማላውቀው እንዲህ ያለ ሰው የለም ብዬ በአደባባይ እናገር ነበር።

መዝገብ ግን አያክምም። ነርስ የምትችለው የተወሰነ ነው። አእምሮው ባለማደጉና አእምሮው በመታመሙ መሐል ያለውን ልዩነት የሚለይ፣ የሚጥል በሽታውን መድኃኒት የሚያስተካክል፣ አፍ የሌለውን ሰው ሕመም ከአኳኋኑ የሚያነብ ሐኪም ያስፈልግ ነበር። ለዚህ ዶክተርነት ብቻ አይበቃም፤ ዶክተር ከሆኑ በኋላ የአእምሮ ሕክምና፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ይህንኑ ለይቶ መማር ነው። ማን ይማረዋል? ለአለቆቼ በጻፍኩት ቁጥር «እናየዋለን» ይሉኛል። እኔም ፀጉሬ እየሸበተ እነሱም እያዩ ቆየን።

ኋላ ያ ሁሉ ሰው ለውጥ ለውጥ የሚልበት ጊዜ መጣ። በየሚኒባሱ መስታወት ፎቶ፣ በየካፌው ቴሌቪዥን ስብሰባ፤ ከዓረብ አገር የተመለሱ ልጆች ሳይቀሩ ፖለቲከኛ ሆነው ቁጭ አሉ። የፖለቲካውን ነገር ለሚያውቁት ልተወው። ለእኔ የለውጥ ወሬ ማለት አንዲት ማስታወቂያ ናት፤ የአእምሮ ሕክምና ለሚማሩ ዶክተሮች፣ ሲጨርሱ በአእምሮ እድገት ውስንነት ልዩ ሥልጠና የሚወስዱበት አንድ ቦታ ተከፍቷል፣ ልምምዱም በሐይቅና በአካባቢው ይሆናል የምትል። ማስታወቂያዋ ተለጥፋ ቀለሟ ለቀቀ፤ የተመዘገበ ግን አንድም ሰው የለም። አንዱን ወጣት ሐኪም ሄጄ ብለምነው «ሲስተር፣ የጅል ሐኪም ተብዬ ልቅር?» አለኝ። ቢከፋኝም አልፈረድኩበትም፤ እናቱም ብትሆን ይህን ለጎረቤት አታወራለትም።

በዚያ ሰሞን ነው ራሕመት ለአንድ ቀን የመስክ ሥራ ከደሴ የመጣችው። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ጥቁር ሒጃብ ያደረገች፣ ገና የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ላይ ያለች ዶክተር። መሪማ እንድሪስን ይዛ ገባች፤ እንድሪስ አሁን ጢም ያለው ትልቅ ሰው ሆኗል። ሌሎቹ ሐኪሞች ሲመጡ ጥያቄያቸው «ምን ያጠፋል? ይማታል ወይ?» ነበር። ራሕመት ወንበሯን ወደ መሪማ አስጠጋችና «እናቴ፣ ደስ ሲለው ምን ያደርጋል?» አለቻት። መሪማ እንዲህ ተጠይቃ አታውቅም፤ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። «ይሽከረከራል» አለች ፈገግ ብላ። «ሲያመውስ?» ስትላት «ያኔማ መሽከርከሩን ይተዋል» አለች። ራሕመት ይህን ጻፈችና ተነስታ ጆሮውን አየች፣ ጥርሱን አየች፣ ሆዱን ዳበሰች። መጀመሪያ ጆሮውን! ማንም አልነገራትም። ወጥቼ በረንዳ ላይ አለቀስኩ። ይቺ ናት አልኩ ለራሴ፤ ወላሂ ይቺ ናት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ ጦርነቱ ሌሎች ጽፈዋል፣ ይጽፋሉም። እኔ የማስታውሰው ሐይቅ ባዶ ስትሆን አስፋልቱ ላይ የቀረውን የአንድ እግር ሸበጥ ብዛት ነው። መዝገቤን ከቀሚሴ ሥር በሻሽ አስሬ ወጣሁ። መሪማ ልጇን ክንዱን ይዛ ጆሮውን በነጠላ ጠቅልላ እስከ ኮምቦልቻ በእግሯ ሄደች። ያልወጡት ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ጎረቤቴ ሼህ ይማም ነበሩ። «መስጊዱን ጥዬ አልሄድም» አሉ ተባለ፤ ሰዉ ሁሉ በጀግንነታቸው ሲያደንቃቸው ከረመ። ስንመለስ የክሊኒካችን በር ከነመቃኑ የለም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጠፍቶ በከረመበት በዚያ ጊዜ ከመዝገቤ ሦስቱን አጣን። ስማቸውን አልሰረዝኩም፤ ከጎኑ ዱዓ ጻፍኩበት። በሕይወት ያሉት ሠላሳ አንድ ሆኑ።

አገር ትንሽ ሲረጋጋ ራሕመት ትምህርቷን ጨረሰች። ያቺ ቦታ እንደገና ተከፈተች፤ በአንድ ወር ውስጥ ሰው ካልተመዘገበባት ለሌላ ትምህርት ትሰጣለች፣ ልምምዱም ከሐይቅ ይነሳል አሉን። ደወልኩላት። «ሲስተር፣ ልቤ እናንተ ጋ ነው» አለችኝ። «ግን ወንድሜ ሪያድ ሆኖ የሆስፒታል ኮንትራት አስጨርሶልኛል። የአባዬን የስፌት መኪኖች ሁሉ በጦርነቱ ወስደውበታል። እንዴት ብዬ እቀራለሁ እለዋለሁ? አባዬን ማን ያናግርልኝ?» እውነቷን ነው፤ አባቷ አቶ ሰዒድ ደሴ ሸዋ በር የታወቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አሁን አንድ መቀስ፣ አንድ ሜትርና አንዲት ወንበር ብቻ ነው የቀራቸው። ወሩ ሲያልቅ ግን የእኔ ዕድሜ ልክ ልፋትም አብሮ ማለቁ ነው፤ እኔም ጡረታዬ ደርሷል።

ይህን ለመሪማ ብነግራት ሳቀችብኝ። «አንቺ ተማርኩ ትያለሽ እንጂ ጅል ነሽ ሲስተርዬ። የሰው ሴት ልጅ ሲፈለግ ምን ይደረጋል? ደብዳቤ ይጻፋል? ሽማግሌ ይላካላ!» አለች። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ሼህ ይማም በአገሩ ስመ ጥር አጋቢ ናቸው፤ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው የተከለከለች ልጅ የለችም ይባላል። አብሮ አደጋቸው መምሬ ታደሰ ደግሞ ቄስ ናቸው፤ ሁለቱ ሠርግም ቀብርም ላይ ተለያይተው አያውቁም። ነገሩን ስንነግራቸው መምሬ ሳቁ፤ ሼህ ይማም ግን መቁጠሪያቸውን ቆጥረው ሲጨርሱ «እሄዳለሁ» አሉ። ሴት ለሽምግልና አትሄድም፤ እኔ መዝገብ ተሸካሚ ተብዬ ተከተልኩ።

ሸዋ በር ደርሰን «ቤቶች!» አልን። አቶ ሰዒድ ከፈቱ። ጋቢ የለበሱ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ «ግቡ፣ ግቡ፣ ምነው ቆማችሁ?» አሉ። ሼህ ይማም «ጉዳይ አለን፤ ቆመን እንናገራለን» አሉና ዱዓ አድርገው ጀመሩ። ምን ያደርጉ፣ አፋቸው ለሠርግ የለመደ ነው! ሕክምናውን ረሱት፤ የቤቱን ደግነት አመሰገኑ፣ የአባቷን ዘር ጠሩ፣ «በወግ በማዕረግ ያሳደጋችኋትን ልጃችሁን ራሕመትን እንድትሰጡን በአላህ ስም እንለምናለን» ብለው አረፉ። ጓዳ ያሉት እናቷ ወይዘሮ ዘሀራ እልልታቸውን አቀለጡት። ልጃቸው ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ይህን ቀን ሲጠብቁ ስንት ጊዜ ሆናቸው! ለስላሳ ግዙ ተባለ፣ ጎረቤት ብቅ አለ። እኔ መናገር ፈልጌ ማን ቦታ ይስጠኝ።

አቶ ሰዒድ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ደስ ብሎናል፤ ሽማግሌ ክብር ነው። ልጁ የማን ነው?» አሉ። መምሬ ታደሰ ስለ ሕሙማኑ የተጠየቁ መስሏቸው «የብዙ ቤት ነው፤ የእስላሙም የክርስቲያኑም አለ» አሉ። አቶ ሰዒድ ትንሽ አሰቡ። ወሎ ነውና ከሁለቱም የተወለደ ማለታቸው ነው ብለው ይሆናል፣ አለፉት። «ዕድሜውስ?» አሉ። መምሬ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም መዝገቡን ገልጬ «ከአራት እስከ አርባ» አልኩ። እልልታው ቆመ። «ምን ማለት ነው ይሄ?» ሲሉ አቶ ሰዒድ፣ «ሠላሳ አንድ ናቸው» አልኩና ነገሩን ሁሉ አስረዳሁ። ለስላሳውን ያመጣችው ጎረቤት ጠርሙሶቹን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። አሁን ሳስበው እስቃለሁ፤ ያኔ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ወይዘሮ ዘሀራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጓዳ ተመለሱ። አቶ ሰዒድ «ልጄን ሐኪም ያደረግኳት ቀና ብላ እንድትሄድ ነው። አሁን የጅል ሐኪም አድርጋት ልትሉኝ ሠርግ አስመስላችሁ በሬን መታችሁ?» አሉ። ቀስ ብለው፣ ሳይጮኹ ነው ያሉት፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ በእኛ አገር ሽማግሌ አንዴ ተመለሰ ተብሎ አይቀርም። በሳምንቱ ሄድን፤ «አስብበታለሁ» ብለው በር ላይ አሰናበቱን። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ለሦስተኛ ጊዜ ሄድን። የሪያዱ ትኬት መቆረጡን ሰምተናል። ራሕመት ከመጋረጃው ወዲያ እንዳለች አውቃለሁ፤ ጫማዋ በር ላይ ነበር። ሼህ ይማም እንደገቡ «ዛሬ ቃልህን ሳንሰማ አንቀመጥም፣ ሰዒድ» አሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ከሐይቅ ስንመጣ መንገድ ተዘግቶ ግማሹን በእግር ነበር የተጓዝነው፤ እንደዚያም ሆኖ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

አቶ ሰዒድ «ሼሃችን፣ አንቱን አከብራለሁ» አሉ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ የገዛ ልጄን እንጀራ ልዝጋ ነው የምትሉኝ። እናንተ የምትለምኑት ለሌላ ሰው ልጅ ነው። ከመካከላችሁ ልጁ እንዲህ የሆነበት ማን አለ? የሌላ ሰው ልጅ ጉዳት በእኔ ልጅ ሲካስ ለእናንተ ቀላል ነው።» መምሬ ታደሰ መስቀላቸውን ጨበጡ። ያን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠና ራሕመት ወጣች። «አባዬ ከፈቀደ እኔ ቃሌን እሰጣለሁ» አለች፤ «ግን ሙሽራ ናት ተብዬ ከተጠየቅኩ የእኔም ጥሎሽ ይጠየቅ። ሠላሳ አንድ ሰው ብቻ ሊሆን አይችልም። ሐይቅንና አምባሰልን ያህል አገር! የቀሩት የት አሉ? የተደበቁትን ካወጣችሁልኝ እመጣለሁ። ካልሆነ ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ ማንን ላክም?»

እኔ ተነካሁ። ስንት ዓመት የዞርኩበት መዝገብ! «ልጄ፣ እኔ ያላንኳኳሁት በር የለም፤ ከእነዚህ ሌላ አንድ ሰው የለም» አልኳት ቆጣ ብዬ።

«ሠላሳ ሁለት በይ፣ ሲስተር» አሉ ሼህ ይማም።

አልገባኝም። «ምን አሉ ሼሃችን?»

«ሠላሳ ሁለት ብለሽ ጻፊ። አንዷ የእኔ ናት።» ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «የመጨረሻዋ ልጄ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እህቶቿ እስኪያገቡ አልኩ፤ እህቶቿ አገቡ። ከዚያ ደግሞ እስከ ዛሬ የት ነበረች ቢሉኝ ምን እላለሁ አልኩ። ስንቱን ሰው ልጅ አጋባሁ፤ የእኔን ግን ፀሐይ አላሳየኋትም። ሰዉ መስጊድ ሊጠብቅ ቀረ ይለኛል። እሷን ይዤ በአደባባይ መውጣት አፍሬ ነው የቀረሁት። ጥይቱ ሲተኮስ ከአልጋ ሥር አቅፌያት ነበር። ያኔ አላህን አንድ ነገር ለመንኩት፤ ከዚህ ካወጣኸን እኔም አወጣታለሁ አልኩት። ይኸው እስካሁን አላወጣኋትም።»

ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታቸው ነኝ። በዒድ ሥጋ ተሰጣጥተናል፤ ሳሎናቸው ቁጭ ብዬ ስንቴ ሻሂ ጠጥቻለሁ። ከጓዳቸው ድምፅ ሰምቼ ቢሆን እንኳ የትልቅ ሰው ቤት ነው ብዬ መዝገቤን አልገለጥኩበትም። የሁሉን በር አንኳኳሁ ያልኩት ሴትዮ ከቤቴ ቀጥሎ ያለውን በር አላንኳኳሁም።

ራሕመት ተጠጋቻቸውና ጎንበስ አለች። ለምን ደበቋት አላለችም። «ስሟ ማን ነው አባ?» አለቻቸው።

«ሀያት» አሉ። ስሟን ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያ ጊዜያቸው መሆኑ ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር።

«ደስ ሲላት ምን ታደርጋለች?»

ሼህ ይማም እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ ሳቅ አሉ። «ዝናብ ስትሰማ ታጨበጭባለች» አሉ።

ብዕሬን አወጣሁ። ሀያት ይማም ብዬ ጽፌ ሳልጨርስ መምሬ ታደሰ «እንግዲህ እኔም ከምደብቅ ልናገር» አሉ፤ «ከደብራችን በታች ሁለት ወንድማማች አሉ። ጠበል እየወሰድኩ የምረጫቸው እኔ ነኝ፤ ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብተውኝ ነው። አባታቸውን አናግሬ ራሴ አመጣቸዋለሁ፤ ቦታ ተይላቸው።» ሁለት መስመር ተውኩ። አቶ ሰዒድ ተነሱ። ከሥራ ቤታቸው የተረፈችውን አንዲት ወንበር ከጥጉ አነሱ፣ በእጃቸው ጠራርገው ከሼህ ይማም ኋላ አኖሯትና ትከሻቸውን ያዝ አድርገው «ይቀመጡ፣ ሼሃችን» አሉ። «ልጃችሁ ናት፤ ውሰዷት።» ሼህ ይማም ተቀመጡ። ወይዘሮ ዘሀራ እልል ይሉ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። መጋረጃውን ይዘው ቆመው ባላቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና በጆሮዬ «ውጫሌ ያለችው እህቴም እንዲህ ያለ አንድ ልጅ አላት፤ ለራሕመት እንኳ ነግረናት አናውቅም» አሉኝ። ስሙን ጻፍኩ። ሠላሳ አንድ ሰው ይዘን የገባንበትን ቤት ሠላሳ አምስት ሰውና አንድ ሐኪም ይዘን ወጣን።